ለመጋዘናችን ካሜራ ስንመርጥ፦ ዋጋው፣ ገመዱና ቁልፉ
(በድብ ባሕር ለአባላት ስብሰባ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ለእህል መጋዘናችንና ለቢሯችን አራት የጥበቃ ካሜራ ለመግዛት አስቦ፣ የቀረቡትን ፕሮፎርማዎች መርምሬ ሐሳቤን እንዳቀርብ ጠይቆኛል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከየጓዳችን ቆንጥረን ያጠራቀምነውና ወዳጆች የጨመሩበት ነው። ስለዚህ የምንከፍልበት ዕቃ ምን እንደሚሠራ ሳልረዳ «ይከፈል» ብዬ አልፈርምም። ባለሙያ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

የቀረበልን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገመድ አልባው፣ በዋይፋይ የሚሠራው ነው። ዋጋው ረከስ ይላል። ነገር ግን አብዛኛው ምስሉን በአየር ይላክ እንጂ መብራት ይፈልጋል፤ ካሜራ በተሰቀለበት ሁሉ ሶኬት ማውጣት ግድ ነው። በዚያ ላይ ምስሉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ምንም አይቀዳም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ምን ያህል ጊዜ ተቋርጦ እንደቆየ ለእናንተ አልነግርም።

ሁለተኛው በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው ነው። ይህ ኬብል በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ምስሉን ከካሜራው ያመጣል፣ ኤሌክትሪኩንም ወደ ካሜራው ይወስዳል። ባለሙያዎቹ «ፓወር ኦቨር ኢተርኔት» ይሉታል። ደረጃው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የወጣ ነው። ከመቅጃው ወይም ከስዊቹ በአንድ ኬብል እስከ 15.4 ዋት ይወጣል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ለካሜራው 12.95 ዋት ይደርሰዋል። ተራ ካሜራ ከዚያ ያነሰ ስለሚበላ ይበቃዋል። የሚሄደውም ከ60 ቮልት በታች ስለሆነ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ሲነጻጸር አደጋው በጣም ያነሰ ነው። የአንዱ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ብቻ ነው የሚባለው፤ የእኛ ግቢ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ያንን አይሞላም።

ትልቁ ጥቅም የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው። ሁሉም ካሜራ የሚመገበው ከአንድ ቦታ ስለሆነ አንድ ባትሪ ሁሉንም ያቆያል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አራት ካሜራ በሌሊት እያንዳንዱ 6 ዋት ቢበላ 24 ዋት ነው። መቅጃው ከነሃርድ ዲስኩ 16 ዋት ብንይዝለት ድምሩ 40 ዋት ይሆናል። ለ12 ሰዓት ሌሊት 480 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ብንቀንስ እንኳ ከመሸ እስከ ነጋ ያደርሰናል።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው ባለ ኬብሉን ነው። ስንገዛ ግን አራት ነገር እንይ።

አንደኛ፣ ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ይሁን። ገበያ ላይ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ አለ። በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። እሱ ኤሌክትሪኩን በመንገድ ያባክናል፣ ይግላል፤ ሩቅ ያለው ካሜራም ሌሊት መብራቱን ሲያበራ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በሜጋፒክስል ብዛት ብቻ አንታለል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ7 ሜትር የሰፋ ቦታ ካሳያችሁት ሰው መኖሩን ያሳያል እንጂ ማን መሆኑን ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አንዱ ካሜራ ግቢውን በሰፊው ይይ፤ አንዱ ደግሞ በሩ ላይ ብቻ ያተኩር። ከፍታውም ከሦስት ሜትር አይብለጥ። ከጣሪያ ጫፍ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየን ነጠላና ባርኔጣ ነው።

ሦስተኛ፣ ክረምት ሲገባ የሊማሊሞ ነጎድጓድ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከቤት ውጭ የሚያልፈው ኬብል በቱቦ ይግባ፤ መብረቅ መከላከያውና የመሬት ሽቦው ከውሉ አይውጣ።

አራተኛ፣ ባለሙያ ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ በመጣ ቁጥር ወጪ አለ። ከመካከላችን ሁለት ወጣት አባላት ኬብል መግጠምና መቅጃውን ማየት በሚተከልበት ቀን ይማሩ፤ ይህም በውሉ ይጻፍ።

አሁን ከዕቃው የሚከብዱ ሁለት ጉዳዮች አሉ።

«ካሜራ ከገባ ዘበኛውን እናሰናብት» የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። በወረቀት ላይ ደመወዙን ያተርፋል። ነገር ግን ካሜራ ሌባ አይዝም፣ በር አይዘጋም፣ እሳት አያጠፋም። ብቻውን ሲሆን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆንብናል። የገዛነው ዘበኛው ጥግ ጥጉን እንዲያይበት፣ የሌለበት ስም ቢለጠፍበትም ምስክር እንዲሆነው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እኛን ሴቶችን ይነካል። አንዲት እኅት መቼ መጣች፣ ስንት ቆጠበች፣ ስንት ተበደረች የሚለው የእሷና የማኅበሩ ምሥጢር ነው። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ባለቤቴ ማክሰኞ እዚህ ነበረች ወይ? ምስሉን አሳዩኝ» ቢል ምን እንመልሳለን? መልሱን ዛሬ ካልወሰንን ያን ቀን ተረኛ የሆነችው ብቻዋን ትጨነቃለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እህላችንን ለመጠበቅ ብለን እኅቶቻችንን አናጋልጥ።

ስለዚህ ይህን እንድታጸድቁ እጠይቃለሁ። ካሜራው መጋዘኑን፣ በሩንና ግቢውን ይይ፤ ገንዘብ የምንቆጥርበትን ጠረጴዛና የብድር ክፍሉን አይይ። መግቢያው ላይ «ካሜራ አለ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀየር። አዲሱም ልክ እንደ ቁጠባ ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ ይሁን፤ ለሦስት ሴቶች ተከፍሎ ይያዝ። ምስል የሚታየው ስርቆት ወይም ጉዳት ሲደርስ፣ ሦስቱ ባሉበት፣ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ነው። ለባልም፣ ለዘመድም፣ ለእኔም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይታይ። አራቱ ካሜራ በሴኮንድ ሁለት ሁለት ሜጋቢት ቢጽፉ፣ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በ23 ቀን ገደማ ሞልቶ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። አሮጌውን ማከማቸት አያስፈልገንም።

ለወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በሪፖርታችን ላይ «አራት ካሜራ ተተከለ» የሚል መስመር ብቻ አትጠብቁ። የባትሪው መተኪያና የጥገናው ገንዘብ በየዓመቱ ለብቻው ተይዞ ታዩታላችሁ። ባትሪው ባለቀ ጊዜ የሚተካው ከሌለ ካሜራው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ እጅ አውጥተን እንወስን።