ትንሿ ቀዳዳና ትልቁ ውሳኔ፦ ስለ ዲስክ መንሸራተት ቀዶ ሕክምና



ዛሬ የምናገረው በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከሕሙማን ደጋግሜ ስለምሰማው ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ብዙ ሳልቀደድ፣ በትንሽ ቀዳዳ ሊወጣልኝ አይችልም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ መውጣት አለበት ወይ?» የሚለው።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ምንነት ጥቂት ልበል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከውጭ ጠንካራ ቀለበት፣ ከውስጥ ለስላሳ እምብርት አለው። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ እምብርቱ ወደ ኋላ ያፈተልክና በአጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይጫናል። በልማድ «ዲስክ ተንሸራተተ» እንላለን እንጂ ዲስኩ ከቦታው አልተነሣም፤ ያመለጠው ይዘቱ ነው። በሽታው በብዛት የሚታየው በታችኞቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ላይ ስለሆነ፣ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር በኩል ይወርዳል።

ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1934 በግልጽ ያሳዩት የቦስተን ሐኪሞች ሚክስተርና ባር ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በእነርሱ ዘመን ወደ ነርቩ ለመድረስ የአከርካሪውን የኋላ አጥንት በሰፊው ማንሣት ያስፈልግ ነበር። በ1977 ያሳርጊልና ካስፓር በየበኩላቸው በማይክሮስኮፕ የሚሠራውን ዘዴ አስተዋወቁ፤ ቅዱም ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አጠረ። በ1997 ፎሊና ስሚዝ ጡንቻውን ከአጥንት ከመላጥ ይልቅ፣ ቃጫዎቹን በቀስታ እያሰፋ በሚገባ ቱቦ ውስጥ ኢንዶስኮፕ አስገብተው መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ደግሞ ነርቩ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል፣ ከጎን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቅድ የሚከናወን ዘዴ አለ፤ ይህም ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ በአካባቢ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል።

ታዲያ ቀዳዳው ባነሰ ቁጥር ውጤቱ ይሻላልን? ለዚህ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የሠሯቸው ጥናቶች ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው። በ2009 የታተመው ጥናት 328 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ የቱቦውን ዘዴ ከተለመደው የማይክሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጸረ። ቱቦው ብልጫ አላሳየም፤ እንዲያውም በእግርና በወገብ ሕመም ረገድ በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀረ። በ2022 የታተመው፣ 613 ሕሙማንን ያካተተው ጥናት ደግሞ ከጎን የሚገባው የኢንዶስኮፕ ዘዴ የእግር ሕመምን በማስታገስ ከተለመደው እንደማያንስ አረጋገጠ። እኔ ከሁለቱ የምረዳው፣ አዲስ መሣሪያ የሚመዘነው በቅዱ ርዝመት ሳይሆን በሕመምተኛው ውጤት መሆኑን ነው። በቆዳ ላይ ያለው ቁስል ቢያንስም፣ ከውስጥ የሚነካው ነርቭ ያው ነርቭ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልስልን በ2007 የታተመው ሦስተኛው የኔዘርላንድ ጥናት ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ብርቱ የእግር ሕመም የነበረባቸው 283 ሰዎች ከሁለት ተከፈሉ፤ ከፊሎቹ ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና፣ ከፊሎቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ክትትል ተመደበላቸው። ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና የተመደበላቸው ቶሎ አገገሙ። ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው ማገገማቸውን ተናገሩ። ከክትትሉ ወገን በዓመቱ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 39 በመቶው ብቻ ነበሩ። ምክንያቱም ያፈተለከውን ቁራጭ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ያሟሙታል። እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው በዋናነት የሚሰጠው ጊዜን ነው። ሕመሙ እንቅልፍና እንጀራ ለነሣው ሰው ይህ ጊዜ ትልቅ ዋጋ አለው፤ መታገሥ ለሚችል ሰው ግን መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ሁለት ነገሮችን አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ የኤምአርአይ ምስልን ብቻ አታክሙ። በ1994 የታተመ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች መርምሮ በ27 በመቶዎቹ ላይ ያፈተለከ ዲስክ አግኝቷል። ምስሉ ከሕመሙ መንገድና ከእጃችሁ ምርመራ ጋር ካልተስማማ፣ የትኛውም ቀዳዳ አያድነውም። ሁለተኛ፣ መጠበቅ የማይፈቀድበትን ጊዜ ለዩ። ሽንቱን መሽናት ያቃተው ወይም መቆጣጠር የተሳነው፣ በብልቱና በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘ፣ እግሩ በፍጥነት እየሰነፈ የሄደ ሰው ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና መድረስ አለበት። እዚያ ላይ የሰዓታት መዘግየት ዕድሜ ልክ ሊያስከፍል ይችላል።

ሕመምተኛ ጥሪቱን አሟጦ ወደ እኛ ሲመጣ የሚገዛው ኢንዶስኮፑን አይደለም፤ ፍርዳችንን ነው። ትንሿን ቀዳዳ እንማራት፣ እንሥራባትም፤ ነገር ግን ከእጃችን ቅልጥፍና በፊት ፍርዳችንን እናሠልጥን።