የሸማቾች አድማ መቼ ይገባል?



ሳሙና፣ ዘይት ወይም የሞባይል ካርድ በገዛን ቁጥር ከከፈልነው ገንዘብ የተወሰነው ለማስታወቂያ ይውላል። ያ ገንዘብ ጋዜጣ ያሳትማል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤትን ያኖራል። እንግዲህ ጋዜጣው ወንጀል ሲሠራ፣ ቻናሉም ሕዝብን ከሕዝብ ሲያጋጭ የእኛም ገንዘብ አለበት። ታዲያ አንድ ኩባንያ ማስታወቂያውን ያስነገረበትን ቦታ አይተን «ምርትህን አንገዛም» ልንለው ይገባል? አዎ፣ ይገባል። አድማው ግን በተረጋገጠ ጥፋት ላይ እንጂ ባልወደድነው አስተያየት ላይ ሊነሣ አይገባም፤ ኩባንያውም አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የዚህን መሣሪያ ጉልበትም ድክመትም የሚያሳይ ታሪክ በብሪታንያ ተፈጽሟል። ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1843 የተመሠረተ፣ በየሳምንቱ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሚሸጥ የእሑድ ጋዜጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2011 ዘ ጋርዲያን አንድ ጉድ አወጣ፦ ይህ ጋዜጣ ተጠልፋ የተገደለች የ13 ዓመት ልጅ ስልክ ላይ የተተዉ የድምፅ መልእክቶችን በድብቅ ያዳምጥ ነበር። የተቆጡ ሰዎች በትዊተርና በኢሜይል ወደ ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ዞሩ፤ «ከዚህ ጋዜጣ ጋር ትቀጥላላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ፎርድ ቀድሞ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጁላይ 7 ጋዜጣው እንደሚዘጋ ባለቤቶቹ አስታወቁ። ጁላይ 10 በወጣው የመጨረሻ እትም የንግድ ማስታወቂያ አልነበረም፤ ቦታው ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነጻ ተሰጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነውም መነገር አለበት። 200 ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በስልክ ጠለፋው እጃቸው አልነበረበትም። የጋዜጣው ባለቤት የነበረው ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2012 ሌላውን ጋዜጣውን ዘ ሰንን እሑድም ማሳተም ጀመረ። የኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የቀድሞ ዋና አዘጋጅ አንዲ ኩልሰን እ.ኤ.አ. በ2014 የታሰረው በፖሊስ ምርመራና በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አድማ ጥፋተኛውን ያስደነግጣል፤ ፍትሕን ግን አይተካም።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛም ይቀርባል። በጁላይ 2020 ከ1,000 በላይ ኩባንያዎች፣ ዩኒሊቨርንና ስታርባክስን የመሳሰሉትን ጨምሮ፣ በጥላቻ ንግግር ምክንያት በፌስቡክ ላይ ማስታወቂያቸውን አቋረጡ። ይሁን እንጂ ፌስቡክ ከ8 ሚሊዮን በላይ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ትንንሽ ነጋዴዎች ናቸው። የዚያ ዓመት የማስታወቂያ ገቢው ከ84 ቢሊዮን ዶላር በለጠ፤ የቀደመው ዓመት ገቢ ግን 70 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በኦክቶበር 2021 የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ የፌስቡክ አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ መሰከረች። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ አይደለም። ገንዘቡ ከሚሊዮኖች ኪስ ሲመጣ የጥቂት ትልልቅ ስሞች ኩርፊያ እንደማይበቃም ከዚህ እንማራለን።

ክቡራን ታዳሚዎች፣ ከመፍረዳችን በፊት የማስታወቂያውን አሠራር እንወቅ። በዩቲዩብ ከቪዲዮው በፊት የሚመጣውን ማስታወቂያ የሚመርጠው ኮምፒውተር ነው፤ በቅጽበት ተጫርቶ እንደ ተመልካቹ ማንነት ያቀርበዋል። አንዱን ቪዲዮ እኔና እናንተ ብናየው የተለያየ ማስታወቂያ ሊመጣልን ይችላል። ኩባንያው ስሙ የት እንደዋለ ላያውቅ ይችላል፤ ከዚያ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ግን ለቻናሉ ባለቤት ይደርሳል። «ይህን ዝግጅት ያቀረበላችሁ እገሌ ነው» ተብሎ ሲነገር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ኩባንያው አውቆና ተስማምቶ ከፍሏል። ሁለቱን እኩል መኮነን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ነው።

«አድማ የፕሬስ ነጻነትን አይጎዳም ወይ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በርካታ ኩባንያዎች ስማቸው ከክፉ ዜና ጎን እንዳይታይ ፈርተው «ኮሮና» የሚል ቃል ካለበት ጽሑፍ ማስታወቂያቸውን አሸሹ። ሕዝብ መረጃ እጅግ በፈለገበት ጊዜ ስለ ወረርሽኙ የሚዘግቡ ጋዜጦች ገቢ አጡ። ባልወደድነው አስተያየት ሁሉ ላይ ካደምን ነጋዴው ከጠንካራ ጋዜጠኝነት ሁሉ ይሸሻል፤ ነገ በእኛው አሳብ ላይም ሌላው ያድማል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማስረጃ ይያዝ፦ ለግድያ የሚቀሰቅስ ወይም ሕዝብን በጅምላ የሚሳደብ ቪዲዮ ላይ የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ካያችሁ የስክሪኑን ፎቶ አንሡ፤ የቻናሉን ስምና ቀኑን መዝግቡ። ሁለተኛ፣ ይህንኑ ለድርጅቱ ልካችሁ መልስ እንዲሰጥ ጊዜ ስጡት። ብዙ ድርጅት ሳያውቅ ገብቶበት ይሆናል፤ ሲነገረው ይወጣል። ሦስተኛ፣ አውቆ ከቀጠለ አትግዙ፤ የማትገዙበትንም ምክንያት በይፋ ተናገሩ። ሲታረም ደግሞ አድማው ያብቃ፤ ማብቂያ የሌለው አድማ ቂም እንጂ ተግሣጽ አይሆንም።

ድርጅቶችም በየትኛው መገናኛ ብዙኃንና በየትኛው ቻናል ላይ ማስታወቂያ እንደሚያስነግሩ ለደንበኞቻቸው በግልጽ ያሳውቁ። የከፈለው ደንበኛ ነውና ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። በገንዘባችን የሚነዛ ጥላቻ የሰው ሕይወት ሊቀጥፍ በሚችልበት በዚህ ዘመን ግን ግዴታውም ጭምር ነው።