ውሃን በልክና በርትዕ ስለ ማደል

በውሃ ምህንድስና ትምህርት ደክማችሁ ይህችን ዕለት ያያችሁ ምሩቃን፤

ስለ አዋሽ ወንዝ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በቆቃ፣ በወንጂና በመተሐራ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ እያረሰረሰ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያበቃል፤ ስለዚህም ላይኛው ያባከነው ወይም ያቆሸሸው ውሃ ዕዳው የሚወድቀው በገዛ ወገኑ ላይ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ለአገራችን 43 ሜጋ ዋት ያህል የመብራት ኃይል፣ ለታችኛው ሸለቆ መስኖም የበጋ ውሃ አስገኘ፤ ነገር ግን 1 ቢሊዮን 850 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ከነበረው ሆዱ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ሲሶ ያህሉን ከተራቆተው ተረተር ታጥቦ የወረደ ደለል ሞላው። እንግዲህ በማሳው ላይ እርከን የሚሠራው የደጋ ገበሬ የግድቡ የመጀመሪያ ጠባቂ መሆኑን ልብ በሉ።

ተርባይኑ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ እንዲወርድለት፣ ባለ መስኖው በበጋ እንዲበዛለት፣ አርብቶ አደሩ ደግሞ የክረምት ሙላት ግጦሹን እንዲያለመልምለት እንጂ ከብቱን እንዳይወስድበት ይሻል፤ የሦስቱም አቤቱታ እውነት አለው። የ1992 ዓ.ም. የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ለቤት መጠቀሚያ የሚሆነውን ውሃ ከሁሉ አስቀድሟል፤ የቀረውን ማደል ግን ዕውቀትና ፍትሕ ይጠይቃል።

ዛሬ ይህን ፍርድ የሚያከብደው የአየር ጠባይ መለወጥ ነው። ምድር ስትሞቅ ከግድቡ ሐይቅ የሚተነው ውሃ ይጨምራል፤ የሞቀ አየርም ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም፣ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረው ዝናብ ባንድ ጊዜ ይዘንባል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ማፈናቀሉን ታስታውሳላችሁ። የአባቶች ዘመን የዝናብ መዝገብ ብቻውን ለመጪው ዘመን ምስክር ሊሆን አይችልምና፣ ግድብ የሚሞላበትና የሚለቀቅበት ሥርዓት በየጊዜው በአዲስ ልኬት ሊመረመር ይገባዋል። ውሃ በበዛበትም ዘመን ልክ አይቅር፤ ማጠንፈፊያ ሳይበጅለት ያለ መጠን የጠጣ መሬት ከሥሩ ጨው እንደሚያወጣ በአዋሽ ሸለቆ ያለው የአሚባራ እርሻ አስተምሮናል።

ውድ ምሩቃን፣ ከእናንተ የሚፈለገው ታማኝነት ነው። የወንዙን ከፍታ ስትለኩ ለመብራቱ ሹም፣ ለእርሻው ሥራ አስኪያጅና ለአፋሩ ሽማግሌ አንድ ቁጥር ብቻ ንገሩ፤ ሦስቱንም ባንድ ጉባኤ አስቀምጡ፤ ውሃ ሲያንስ ጉድለቱን ሁሉም እንዲካፈሉት እንጂ በደካማው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይጫን በድፍረት ተሟገቱ። የተማራችሁበትን ገንዘብ ያወጣው ሕዝብ ከላይም ከታችም ያለው ነውና፣ ሁለቱንም እኩል አገልግሉ። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።