የሕግ ትምህርት ቤት ጉባኤና የአገር ልማድ



ዛሬ ስለ ሕግ ትምህርት ቤቶች የጥናት ጉባኤ ጥቂት ቃል ለማሰማት አስቤአለሁ። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው እንደሚያውቀው፣ ለእንዲህ ያለው ስብሰባ የጥሪ ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ጉዳዩን የሚያውቀው ሳይሆን በዚያን ቀን ሥራ ያልበዛበት ሰው ነው። ተላኪውም የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ይመለስና በመሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። የመክፈቻው ንግግር ከጥናቱ የሚረዝምበት ጉባኤ መኖሩም አይካድም። ሆኖም የጉባኤ ጥቅም በምን እንደሚለካ ለማየት፣ በዚሁ በአዲስ አበባ ከተማ የተደረገውን አንዱን ማስታወስ ይበቃል።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆነ። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያሰናዱት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ በ3347ኛው ቁጥር፣ እርሱ በሚመለከታቸው ነገሮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን ደንቦች፣ የተጻፉም ሆኑ የልማድ፣ ተለይቶ ካልተፈቀደ በቀር ሻራቸው። ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ በየአገሩ ሲሠራበት የኖረው ሁሉ በዚህች አጭር ቃል በጽሑፍ ቀረ ማለት ነው። ሽማግሌው ግን ከዋርካው ሥር አልተነሣም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ፋኩልቲውን በ1956 ዓ.ም. ከፈተ። በ1958 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በጃንዋሪ 1966፣ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ተቋም 8ኛውን ሴሚናሩን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ አደረገ። የተመረጠውም ርእስ የአፍሪካ የልማድ ሕግ አሳቦችና ሥርዓቶች የሚል ነበር። ልማድን የሻረው ሕግ በጸና በስድስተኛው ዓመት፣ ያንኑ ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚያው አገር ዋና ከተማ መሰብሰባቸው የሚያስደንቅ ነው።

ጥናቶቹን ለኅትመት ያዘጋጁት የማክስ ግለክማን ዋና ሙያ የሰውን ማኅበራዊ ኑሮ ማጥናት ነበር። በዛሬይቱ ዛምቢያ በሚገኘው በሎዚ ሕዝብ ችሎት ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በ1955 በፈረንጆች አቆጣጠር በመጽሐፍ አውጥተው ነበር። የሎዚ ዳኞች፣ ተከራካሪዎቹ ዘመዳሞች በሆኑ ጊዜ፣ የቀረበውን አቤቱታ ብቻ ነጥለው አይመለከቱም። የቆየውን ቅሬታ፣ የተነፈገውን እርዳታ፣ የተዋረደውን ታላቅ ወንድም ሁሉ እያነሡ ይመረምራሉ፤ ምክንያቱም ፍርዱ ካለቀ በኋላ ሰዎቹ በአንድ መንደር አብረው መኖር አለባቸው። ደግሞም በዚያ ሰው ቦታ የሚገኝ አስተዋይ ሰው ምን ያደርግ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። የእኛን አገር ሽምግልና ያየ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በኮድ የሠለጠነ ዳኛ ግን ጭብጡን ማጥበብ እንጂ ማስፋት አልተማረም።

ጥያቄው ልማድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚል ቢሆን ኖሮ ጉባኤ ባላስፈለገው ነበር። አስቸጋሪው ነገር የትኛው ልማድ፣ ለማን የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በውርስ ወንድና ሴትን አይለይም። ይህ ቃል በጎጃም የርስት ልማድ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ይጠይቅ ነበርና። በጉራጌ ልማድ ግን መሬት ከአባት ወደ ወንዶች ልጆች ይተላለፍ ስለ ነበር፣ ያው ቃል የቤቱን ምሰሶ የሚነቀንቅ ነበር። ልማድን በጅምላ የሚያመሰግን ሰው ከውርስ የቀረችውን ሴት ልጅ ይረሳል፤ በጅምላ የሚሽረውም ሕጉ ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ሊቀር እንደሚችል አያስብም።

በጉባኤ ቤት የተማረ ሰው አንድን ቃል መምህሩ «አንድም» እያሉ ሲያፈቱት፣ የተለያየው አሳብ ሳይጣል ለተማሪው እንደሚተላለፍ ያውቃል። የሊቃውንት ስብሰባም ዋጋ የሚያገኘው እንዲሁ ክርክሩ ተጽፎ ሲቀር ነው። የ1958ቱ ሴሚናር ጥናቶች በፈረንጆች 1969 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ወጥተዋል። የሚያሳዝነው፣ መጽሐፉ የተጻፈው በአውሮፓ ቋንቋ በመሆኑ፣ በአማርኛ የሚፈርደው የወረዳ ዳኛ ሊጠቀምበት የማይችል መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ የሕግ ፋኩልቲው ከ1964 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የኢትዮጵያን የሕግ መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማውጣቱ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነበር።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት እንመልከት። በ34ኛው አንቀጽ፣ ስለ ግልና ስለ ቤተ ሰብ የሚነሣ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይናገራል። በ1953 ዓ.ም. በበር የወጣው ልማድ በመስኮት ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ፈቃድ የሚለው ቃል ብዙ ያሠራል። ባሏ፣ አባቷና ወንድሞቿ በሽማግሌ ፊት ተቀምጠው እርሷን «ትስማሚያለሽን?» ብለው ሲጠይቋት፣ የሰጠችው መልስ ፈቃድ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ይህ በፕሮፌሰሩ ጥናት ብቻ አይታወቅም። መዝገቡን የያዘው ጸሐፊ፣ ነገሩን ያስታረቀው ሽማግሌና «እሺ» ብላ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ሴት በዚያው አዳራሽ ተገኝተው ሊናገሩት የሚገባ ነገር ነው።