ትዝታ ወጪውን አይመዘግብም
(ግላስጎው በተደረገው ወርሃዊ የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ስለ ድሮው የስኮትላንድ ቴሌቪዥን ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድን እንንከባከባለን። ሻይ አፍልተን፣ መድኃኒት ሰጥተን ዞር ስንል ቴሌቪዥኑ ላይ የምናየው ነገር ይመሳሰላል። ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ በጎች፣ ሹራብ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ፕሮግራም ነው። ለእኛ ምኑም አይገባን ይሆናል። እነሱ ግን ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ እንባ የሚቀድማቸውም አሉ። ከዚህ ትዝታ በስተጀርባ ምን እንዳለ ብናውቅ ለሥራችንም ለራሳችንም ይጠቅመናል ብለን ነው ይህን ያዘጋጀነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሹራብ ኮፍያ ያደረጉት ሰው ቶም ዊር ይባላሉ። የተወለዱት በ1914 እዚሁ ግላስጎው፣ ስፕሪንግበርን ነው፤ ከእኛም አንዳንዶቻችን መጀመሪያ ያረፍንበት ሰፈር። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተው፣ እናት ሥራ ስትውል አያት ናቸው ያሳደጓቸው። ተራራ መውጣት የጀመሩት በልጅነታቸው ሲሆን በ1950 እስከ ሂማላያ ደርሰዋል። «ዊርስ ዌይ» የተባለው ፕሮግራማቸው ከ1976 ጀምሮ በስኮትላንድ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በእኩለ ሌሊት እየተደገመ አዲስ ተመልካች አፈራ። ሰውየው በ2006 ዐረፉ። በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር፣ ባልማሃ በምትባል መንደር ሐውልት ቆሞላቸዋል።

ሌሎችም አሉ። በዚያው በ1976 «ዋን ማን ኤንድ ሂዝ ዶግ» የተባለ የበግ ጠባቂ ውሾች ውድድር በቢቢሲ ተጀመረ። እረኛው ያፏጫል፣ ውሻው በጎቹን ከበረት ያስገባል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለማየት በ1980ዎቹ እስከ 8 ሚሊዮን ሰው ይቀመጥ ነበር። ስለ ገበሬዎች የሚናገረው «ላንድዋርድ»ም በ1976 ጀምሮ እስከ ዛሬ አልቆመም። «ቴክ ዘ ሃይ ሮድ» የተባለው የገጠር ድራማ ደግሞ ከ1980 እስከ 2003 ሎክ ሎሞንድ ዳር ባለችው ላስ መንደር ይቀረጽ ነበር።

እንግዲህ ሰዎቹ የሚናፍቁት ምንድን ነው? ተራራው ከሆነ ተራራው አሁንም አለ። ላስም ባልማሃም አልጠፉም። የሌለው ያኔ ከጎናቸው ተቀምጦ ያይ የነበረው ሰው ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ እህት፣ ልጅ። ሌላም ነገር አለ። ቶም ዊር ሰው ቤት ደርሰው አይቸኩሉም። ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ቆመው ይሰማሉ። ዛሬ እነዚህን አረጋውያን የሚጠይቃቸው ሰው ጥያቄው በአብዛኛው «በልተዋል? መድኃኒት ወስደዋል?» ነው። የእኛም ጉብኝት በደቂቃ የተቆረጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እስከዚህ ድረስ ትዝታውን እናከብራለን። የሒሳብ ሥራ ላይ ለምንውል ሰዎች ግን አንድ ነገር ይታየናል። ትዝታ ገቢውን እየጻፈ ወጪውን የሚዘል መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲያዩት ያምራል፤ ሲመረምሩት ግን አይዘጋም።

የሚያምረውን ባዶ ሸለቆ እንውሰድ። ካሜራው ሲያልፍበት ወፍና ነፋስ ብቻ ይሰማል። ብዙው ሸለቆ ግን ድሮ ሰው ነበረበት። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለመሬቶች በግ ማርባት የተሻለ ትርፍ ሲያስገኝላቸው ጭሰኞቹን አፈናቀሉ። አንዳንዱ ወደ ካናዳ ተሰደደ፣ አንዳንዱ እዚሁ ግላስጎው ፋብሪካ ገባ። በ1882 ስካይ በምትባለው ደሴት የብሬይስ ጭሰኞች የግጦሽ መሬታችን ካልተመለሰልን ኪራይ አንከፍልም አሉ። እነሱን ለመያዝ ከግላስጎው 50 ያህል ፖሊሶች ተላኩ። ድንጋይ ይዘው ከተጋፈጧቸው መካከል ሴቶቹ ግንባር ቀደም ነበሩ፤ የቆሰሉም አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ጭሰኛ በዘፈቀደ ከመሬቱ እንዳይነቀል የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ትዊድ የሚባለውን የሱፍ ጨርቅም እንውሰድ። በምዕራብ ደሴቶች ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ እንዲጠብቅ በከረመ ሽንት ይዘፈዘፍና ሴቶች በረጅም ሳንቃ ዙሪያ ተቀምጠው ይደበድቡት ነበር። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ምቱን አንድ የሚያደርገው ዘፈኑ ነው። ደቦ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ዘፈኑን ዛሬ መድረክ ላይ ብንሰማው ደስ ይላል፤ የክንዱን ድካምና የክፍሉን ሽታ ግን መድረኩ አያመጣውም። ሥራውን ማሽን ሲረከበው ሴቶቹ ያዘኑ አይምሰላችሁ፤ ቢያንስ ክንዳቸው አርፏል። ዘፈኑ ግን አብሮ ሊጠፋ ነበር። የተረፈው ጠያቂ ስለተገኘ ነው። በ1951 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ማዕከል ሰዎቹ መቅረጫ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የገበሬዎችንና የእናቶችን ድምፅ ሰበሰቡ።

ሴቶቹ ራሳቸውም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1917፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ካትሪን ብሌር የተባለች የገበሬ ሚስት ሎንግኒድሪ በምትባል መንደር የገጠር ሴቶችን ማኅበር መሠረተች። ብቻዋን ቤት ውስጥ የምትውል ሴት ከሌሎች ጋር ተገናኝታ እጅ ሥራ እንድትማማር፣ ያላትን እንድታካፍል ነበር ሐሳቡ። ከዚያች መንደር ተነሥቶ ስኮትላንድን አዳረሰ። እኛ ዛሬ እዚህ የተሰበሰብንበት ምክንያት ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ደግሞም ራሳችንን እንይ። የአገራችንን መስክና ተራራ በስልካችን እያየን፣ ዘፈኑን እየሰማን እንብሰለሰላለን። ለልጆቻችንም ያንኑ እናሳያለን። አዳይ አበባውን ያያሉ፤ ውኃ ቀድታ እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣውን ልጅ ማን ይንገራቸው? ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ ከነገርናቸው ልጆቻችን አያቶቻቸውን አያውቋቸውም፤ የሚያውቁት ሥዕል ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከማኅበሩ ካዝና የሚወጣ ሳንቲምም የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ደብዛዛ ፕሮግራም ሲመጣ፣ ካባውን እያቀበልን ወይም ሻዩን እየቀዳን ሰዎቹን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ «እናንተ ቤት ይህን ሥራ ማን ነበር የሚሠራው?» እንበላቸው። በጉን ማን ያልብ፣ ከሰሉን ማን ይሸከም፣ ኪራዩን ማን ይከፍል ነበር? ጥያቄው ሁለት ደቂቃ ነው። መልሱ ከረዘመ በሚቀጥለው ጉብኝት ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ እስከዚያውም የሚጠብቁት ነገር ያገኛሉ። ያንኑ ጥያቄ አገር ቤት ስንደውል ለእናቶቻችን እንጠይቅ፤ ፈቃዳቸው ከሆነም ድምፃቸውን በስልካችን እናስቀር። የሰማነውን፣ የአረጋውያኑን ስም ሳንጠራ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበታለን።

ይህን ብለን እናብቃ። ቡናውም ደርሷል፤ የቀረው ጊዜ የእናንተ ነው።