ሰው በቋንቋው ሲሸኝ
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ጡረተኛ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ የሊቅ ንግግር አትጠብቁብኝ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ላውጋችሁ።

ልጄ የምትኖረው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ልጠይቃት ሄጄ ሳለ በሰሜን በኩል ወዳለችው ወደ ቤሚጂ ከተማ ወሰደችኝ። ቡና ልንጠጣ ስንገባ በሩ ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር «ቡዡ» የሚል አየሁ፤ ጤና ይስጥልኝ ማለት ነው። ስንወጣም «ሚግዌች» ይላል፤ እግዜር ይስጥልኝ እንደ ማለት። የማን ቋንቋ ነው ብላት የኦጂብዌ ነው አለችኝ። እነዚህ ሰዎች ፈረንጅ ሳይሰፍርበት በዚያ ሐይቅና ጫካ ይኖሩ የነበሩ ሲሆኑ ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ። ከተማይቱም ሬድ ሌክ፣ ሊች ሌክና ዋይት ኧርዝ በሚባሉ ለነሱ በተከለሉ ሦስት መሬቶች መካከል ናት።

ወገናቸውን የሚቆጥሩት «ዶዴም» በሚሉት ምልክት ነው። የድብ ወገን ጠባቂና መድኃኒት ዐዋቂ፣ የዓሣ ወገን መካሪና አስተማሪ ይባላል። የአንድ ዶዴም ሰዎች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። ምግባቸውም በሐይቅ ላይ የሚበቅለው «ማኖሚን» ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ሁለት ሰው በታንኳ ይገባል፤ አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላው ፍሬውን በዘንግ እየመታ ታንኳው ውስጥ ያራግፋል።

ቋንቋው ግን ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1879 የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ የብዙ ነገድ ልጆች ከወላጅ እየተነጠሉ እንዲህ ወዳለው ቤት ተወሰዱ። ጠጉራቸው ተቆረጠ፤ በአፍ መፍቻቸው ሲናገሩም ተቀጡ። የተቀጣ ልጅ ወላጅ ሲሆን ቋንቋውን ለልጁ አላወረሰም። መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ቋንቋ እጠብቃለሁ ብሎ ሕግ ያወጣው በ1990 ነው።

እኔ ዕድርተኛ ነኝና፣ ልጄ የምታውቃትን አንዲት የኦጂብዌ ሴት «ቀብራችሁ እንዴት ነው?» ብዬ አስጠየቅኋት። ሰው ሲሞት አራት ቀንና አራት ሌሊት እሳት አይጠፋም አለች። ጎረቤት እንጨቱን በተራ ይጠብቃል፣ ምግብ ያመጣል፤ ለሟቹም ይቀርብለታል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የነፍስን መንገድ በቋንቋቸው ይነግረዋል። «አባቴ ሲሞት ይህን የሚችል በሰፈራችን ጠፋ» አለችኝ። «ከሩቅ ሽማግሌ በመኪና አስመጣን። እኔ ልጁ ግን ለአባቴ የተነገረው ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ይህን ስትል እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ የጭልጋ ሰው፣ ቅማንት ነበረች። ልጅ ሳለሁ በቋንቋዋ ስትናገር አፍር ነበር። በአማርኛ ብቻ አናግሪኝ አልኳት፤ እሺ አለች። ስትሞት ይህ ዕድር በወግ ቀበረልኝ፤ ድንኳኑም ንፍሮውም አልጎደለም። ነገር ግን በመጨረሻዋ ቀን በቋንቋዋ አንድ ነገር ደጋግማ ተናግራ ነበር። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ኦጂብዌዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በጎረቤት ክፍለ ሀገር በዊስኮንሲን፣ ላክ ኩት ኦሬይ በሚባለው ክልላቸው፣ ልጆች ሒሳቡንም ሌላውንም በኦጂብዌ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከከፈቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። ስሙ «ዋዶኮዳዲንግ» ነው፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ቦታ ማለት ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም የሽማግሌዎቹ ድምፅ የሚሰማበት መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል። የትምህርት ቤቱን ስም ትርጉም ስሰማ፣ ይህማ ዕድር ማለት እኮ ነው አልኩ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም። በዚህ ዕድር ውስጥ ስንት ቋንቋ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች አሉን! ቋንቋው ያላችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ አውሩላቸው። እንደኔ ያፈራችሁም በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። የዕድሩ ቤት እሑድ ከሰዓት ባዶውን ይውላል። ኮሚቴው ቢፈቅድ፣ ሽማግሌዎቻችን የለቅሶውን፣ የምርቃቱንና የስንብቱን ቃል በየቋንቋቸው ለልጆች ይንገሩበት። በደብተር ለመጻፍ እኔ አለሁ፤ ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼዋለሁ።

 ዕድራችንን ያጽናልን።