ተጫዋቹ አሠልጣኝ ሲሆን፦ ከስቲቭ ከር የተማርኩት

(በተመራቂዎች ማኅበር የዳግም መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሙያሽ አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ልብ ድካም የምናገር መስሏቸው ነበር። ርእሴን ስልክላቸው መልሰው ደወሉ። «ዶክተር፣ ቅርጫት ኳስ ነው ያልሽው?» አዎ፣ ቅርጫት ኳስ ነው። ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ የነበረችውን፣ አንዱ ቅርጫቷ መረብ ያልነበረውን ሜዳ የምታስታውሱ ታውቁኛላችሁ። የአናቶሚ ፈተና ሲደርስ ጭንቀቴን የምወጣው እዚያ ነበር። በቁመቴ ማንም አይመርጠኝም። ከሩቅ መወርወር ስለምችል ግን መጨረሻ ላይ «በሉ እሷንም ጨምሯት» ይባል ነበር።

ዛሬ የማወራላችሁም መጨረሻ ላይ ከሚጨመሩት ወገን ስለነበረ ሰው ነው፤ ስቲቭ ከር ይባላል። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ለመናገር ግን በራሴ ጥፋት መጀመር አለብኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ሬዚደንት ነበረኝ። ልብ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ልብን ሲያፍን በመርፌ የማውጣቱን ሥራ አብሮኝ ቆሞ ብዙ ጊዜ አይቷል። መርፌውን ይዞ እጁ ትንሽ ሲያመነታ «እስቲ ወዲህ በለው» ብዬ እቀበለዋለሁ። በሽተኛው እፎይ ይላል፣ እኔም እፎይ እላለሁ፣ እሱም «አመሰግናለሁ» ይላል። ተመርቆ ሩቅ ሆስፒታል ተመደበ። አንድ ሌሊት ደወለልኝ። አንዲት ወጣት እናት እንዲሁ ልቧ ታፍኖ መጥታለች። «ዶክተር፣ እርስዎ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን አልሠራሁም» አለኝ። በስልክ ልመራው ጀመርኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ። እሱም ብቻውን መድፈሩን ፈርቶ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላካት። መንገድ ላይ አረፈች።

ልጁ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። እኔ ግን ያቺን «አንድም ቀን አልሠራሁም» የምትል ቃል ይዤ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት «አስተምራለሁ» ስል የነበረው ራሴ እየሠራሁ ማሳየትን ነበር።

በ2012 የኮሮና ጊዜ ታምሜ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጋሁ። ልጄ በበሩ ሥር አንድ ፍላሽ አሾለከልኝ። በዚያው ዓመት የወጣው ስለ ማይክል ጆርዳንና ስለ ቺካጎ ቡልስ የሚተርከው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ነበር። ከጆርዳን ይልቅ ልቤን የወሰደው ጥጉ ላይ የተቀመጠው ከር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እነሆ ታሪኩ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከር በ1965 ቤይሩት ተወለደ። ቤተሰቡ እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። አያቱ ስታንሊ ከር በቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር፤ የባዮኬሚስትሪ መምህሮቻችን ደስ ይበላችሁ! አባቱ ማልኮም ከር ደግሞ የመካከለኛው ምሥራቅ ፖለቲካ ምሁር ነበሩ። በ1982፣ ጦርነቱ በተጋጋመበት ጊዜ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1984 ጃንዋሪ 18 ቀን ከቢሯቸው ደጃፍ ታጣቂዎች ተኩሰው ገደሏቸው። ስቲቭ ያኔ 18 ዓመቱ ነው፤ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። መርዶውን ሌሊት በስልክ ሰማ። በሁለተኛው ቀን ቡድኑ ጨዋታ ነበረው፤ ገባና ተጫወተ። በኛ ልማድ ገና ሰልስቱ ያልወጣ ሐዘንተኛ ነው። ሐዘን ላይ ሆናችሁ ተረኛ የገባችሁ ሐኪሞች ለምን እንደገባ የምታውቁት ይመስለኛል፤ ሌላ ቦታ መሆን ስለማይቻል ነው።

በ1986 ስፔን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት አለፈው። በ1988 የባለሙያ ቡድኖች ተጫዋች ሲመርጡ የሱ ስም የተጠራው 50ኛ ሆኖ ነው። በ15 የውድድር ዓመታት 910 ጨዋታ ተጫወተ፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተሰላፊዎች አንዱ የሆነው ግን በ30ዎቹ ብቻ ነው። በአማካይ በጨዋታ 6 ነጥብ። ታዲያ ይህ ሰው በተጫዋችነት ብቻ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሦስቴ ከቺካጎ ቡልስ፣ ሁለቴ ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋር። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከወረወራቸው ኳሶች 45.4 በመቶው ገብተዋል፤ በሊጉ ታሪክ ከሁሉም የላቀ ነው።

የቀረውን ጊዜ ምን ሲያደርግ ነበር? ተቀምጦ ያያል። ያውም የሚያያቸው እነማንን ነው? በኮሌጅ ሉት ኦልሰንን፣ በክሊቭላንድ ሌኒ ዊልከንስን፣ በቺካጎ ፊል ጃክሰንን፣ በሳን አንቶኒዮ ግሬግ ፖፖቪችን። ለአሠልጣኝነት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

ከተጫዋችነቱ አንዲት ቅጽበት ብቻ ልንገራችሁ። ጁን 13 ቀን 1997፣ የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ቡልስ ከዩታ ጃዝ። ውጤቱ 86 ለ86፣ የቀሩት ሴኮንዶች ናቸው። ኳሱን ጆርዳን እንደሚይዝ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። በእረፍቱ ጆርዳን ወደ ከር ዞር ብሎ እንዲዘጋጅ ነገረው። ሁለት ተከላካዮች ጆርዳን ላይ ሲረባረቡ ኳሱን ለከር ለቀቀለት። ከር ወረወረ፤ ገባ። ዋንጫው የቡልስ ሆነ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ተጣልተው ጆርዳን ፊቱን በቡጢ ብሎት ነበር እኮ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ያቺን ውርወራ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን በጊዜው ከማንም የበለጠው እጅ ኳሱን መልቀቁ ነው። በጆርዳን ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ? «እስቲ ወዲህ በለው!»

ከር በ2003 ጫማውን ሰቀለ። በቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፤ ለሦስት ዓመት የፊኒክስ ሰንስ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ2014 ከዚያ በፊት አንድም ቀን ቡድን ሳያሠለጥን የጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ቡድኑ ውስጥ ስቴፈን ከሪ አለ። በሦስት ነጥብ ውርወራ ታሪክ ከሁሉ የተሳካለት ሰው የሚያሠለጥነው ታሪክ የሚለውጠውን ወርዋሪ ነው ማለት ነው። ግን ገብቶ ሊወረውርለት አይችልም! ደንቡ አይፈቅድለትም። እኛን የሚከለክለን ደንብ የለም፤ ችግራችን እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ዋሪየርስ 67 ጨዋታ አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። እዚያ ግን በክሊቭላንድ 2 ለ1 ተመሩ። የከር ወጣት ረዳት ኒክ ዩረን፣ 28 ዓመቱ፣ ሌሊት የድሮ ጨዋታዎች ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ትልቁን መሐል ተጫዋች አስቀምጠን በምትኩ ኢጎዳላን ብናስገባስ? ከር ሰማው፤ እንደተባለው አደረገ፤ ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታዎች አሸነፉ። ቡድኑ ከ1975 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ፤ ኢጎዳላ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ከር ጋዜጠኞቹ ፊት ቆሞ ሐሳቡ የወጣቱ እንደሆነ በስሙ ተናገረ። በኛ ራውንድ ላይ ኢንተርኑ ያገኘውን ምርመራ ስንቶቻችን ነን «እሱ ነው ያገኘው» ብለን የምንናገር?

አሁን ወደ ሙያችን የሚጠጋው መጣ። በዚያው ፍጻሜ ከር ጀርባውን ታመመ። በጁላይ 2015 የዲስክ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የአከርካሪው ፈሳሽ የሚያፈስ ቀዳዳ ቀረ። ኤል ፒ የሠራችሁ ሁሉ ይህን ራስ ምታት ታውቁታላችሁ፤ ሲተኙ ይቀላል፣ ሲቆሙ ይበረታል። የአብዛኛው ሰው በቀናት ይሻለዋል፤ የሱ ግን ቀጠለ። በሴፕቴምበር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገ፤ ሕመሙ ለዓመታት ተከተለው። በኋላ ጀርባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች በይፋ የሰጠው ምክር ከቢላዋ በፊት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ሞክሩ የሚል ነው። ሰርጂን ጓደኞቼ አትቆጡኝ፣ እሱ ነው ያለው!

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። የሚቀጥለው ውድድር ሲጀመር ከር ሥራ ላይ አልነበረም፤ 43 ጨዋታ አለፈው። ረዳቱ ሉክ ዋልተን ተተካ። ያለ ዋና አሠልጣኙ ቡድኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ 24 ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈ፤ ከ43ቱ የተሸነፈው በ4 ብቻ ነው። ዓመቱ 73 ለ9 በሆነ ውጤት አለቀ፤ በሊጉ ታሪክ አቻ የለውም። በ2017 ማጣሪያው መሐል እንደገና አመመው። ማይክ ብራውን ተተካ፤ ከር ባልነበረባቸው ጨዋታዎች አንዱንም አልተሸነፉም።

ይህን ሳነብ ገና ከክፍሌ አልወጣሁም ነበር። እኔ በተዘጋሁባቸው ቀናት ዋርዱ ላይ ምን እየሆነ ነበር መሰላችሁ? በሰዓት በሰዓቱ እደውላለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ሬዚደንት በትሕትና «ዶክተር፣ እየሠራን ነው፤ እባክዎ ትንሽ ይተኙ» አለችኝ። መጀመሪያ ተቀየምኩ። ቆይቼ ግን ያቺ ሌሊት ትዝ አለችኝ። ይህች ልጅ ነገ ሩቅ ቦታ ብቻዋን ስትቆም፣ ዛሬ እኔ ስለሌለሁ የሠራችው ነው የሚያድናት።

በፌብሩዋሪ 2018 ከር ከፊኒክስ ጋር በነበረ ጨዋታ ሰሌዳውን ለተጫዋቾቹ ሰጣቸው። በእረፍቱ ስልቱን የሚነድፉት፣ የሚናገሩት እነሱ፤ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። 129 ለ83 አሸነፉ። «ተጋጣሚን መናቅ ነው» ያሉ ነበሩ። እሱ ግን ቡድኑ የተጫዋቾቹ እንደሆነ፣ ኃላፊነቱንም እነሱ ሊሸከሙት እንደሚገባ ተናገረ።

እዚህ ላይ «ዶክተር፣ ጨዋታና ሰው አንድ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ አንድ አይደለም። የተሸነፈ ቡድን ነገ ይጫወታል፤ የሞተ ሰው አይመለስም። ስለዚህ መርፌውን ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ አልሄድም። ከርም ያን ቀን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ አጠገባቸው ነበር። በመንጠቅና በመተው መሐል አጠገብ መቆም የሚባል ነገር አለ፤ ከባዱም እሱ ነው።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ጀማሪው መጀመሪያ በአሻንጉሊቱ ላይ ይለማመዳል። ከዚያ በሽተኛው ጋ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ፣ ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። አደጋ ካየሁ እገባለሁ፤ እጁ ስላመነታ ብቻ ግን አልገባም። በግድግዳችን ላይ አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ ከእያንዳንዱ ሬዚደንት ስም አጠገብ ሁለት ዓምድ፣ «ያየው» እና «የሠራው»። የመጀመሪያው ሞልቶ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ የሚጠየቀው ሬዚደንቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ባለፈው ወር አንድ ጊዜ ለምዶብኝ ነጠቅሁ። ሬዚደንቱ ምንም ሳይል ወደ ሰንጠረዡ ተመለከተ። መልሼ ሰጠሁት።

ሁለት ልመና አለኝ። መምህራኖቻችን፣ አንድን ልጅ ለምረቃ ስታቀርቡት «ምን ያውቃል?» ከሚለው ጋር «በገዛ እጁ ምን ሠርቷል?» ብላችሁ ጠይቁልን። በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ተመራቂዎች ደግሞ፣ ለማኅበራችን ገንዘብ ማዋጣቱ እንዳለ ሆኖ፣ በዓመት አንድ ሳምንት መጥታችሁ ከሬዚደንቶቹ አጠገብ ቁሙ። ትምህርት እንድትሰጡ አይደለም፤ እነሱ ሲሠሩ እንድታዩ ነው።

በመጨረሻ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንድ መምህሬ አሉ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል። የመጀመሪያ ኤል ፒዬን ስሠራ አጠገቤ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሳትኩ። መርፌውን ይቀበሉኛል ብዬ ዞር ስል እጃቸው ወደ ኋላ ነበር። «ቀስ ብለሽ ቁጠሪ፤ አጥንቱን በጣትሽ ፈልጊው» አሉኝ። በሦስተኛው ፈሳሹ ጠብ ጠብ አለ። ጋሼ፣ ያን ቀን ምን እንዳስተማሩኝ የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።